እጅጌው የዞረ ቀሚስ

በረዶ መጣል ጀምሮ ሾፌሩ የመስታወት መጥረጊያውን ባስነሳ ቁጥር እናቴ «ያቺ ሴትዮ መጣች» ትል ነበር። ይህን የምትለው አካል ጉዳተኞችን በሚያመላልሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ዊልቼሯ ወለሉ ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ የፊቱን መስታወት አሻግራ እያየች ነው። ሾፌሩ ምን እንዳለች ይጠይቀኛል። «ስለ አየሩ ነው» እለዋለሁ። እውነቱን ላስረዳው ብል ሐኪም ቤት ደርሰን ስካርቦሮ ቤታችን እስክንመለስም አያልቅም።

ሴትዮዋ መጥረጊያውን የፈለሰፈችው ናት። ታሪኳን ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ያኔ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ አካባቢ አንድ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ እሠራ ነበር፤ ሰዎች የመለሱትን መጽሐፍ እየሰበሰብኩ ወደ መደርደሪያው መመለስ ነበር ሥራዬ። አንድ ዓመት የሴቶች ቀን ሲቃረብ አለቃዬ አንድ ጥግ ሰጠችኝና ስለ ሴት ፈልሳፊዎች ትንሽ ኤግዚቢሽን አዘጋጂ አለችኝ። ለዕለት ኑሮ የሚሆን ነገር ሠርተው ፓተንት ያወጡ ሴቶች። ፓተንት ማለት «ይህ ሐሳብ የእኔ ነው፣ ያለ እኔ ፈቃድ ማንም አይሥራው» የሚያሰኝ የመንግሥት መብት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ነገሩ ግድም አልነበረኝ። ከዚያ በኋላ ግን ለያዥ ለገናዥ አስቸገርኩ።

የመጥረጊያዋ ሴትዮ በክረምት ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ለጉብኝት ሄዳ በከተማ ባቡር ስትሳፈር ሾፌሩ በረዶውን በእጁ ለመጥረግ መስኮቱን እየከፈተ ሰዉን በብርድ ሲያስፈጅ አየች። አገሯ ስትመለስ ከውስጥ ሆኖ በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ ሠራች። ፓተንቱንም አወጣች። ፋብሪካዎቹ ግን ምንም አይረባም ብለው መለሷት። የፓተንቱ ዘመን ካለቀ በኋላ የዓለም መኪና ሁሉ መጥረጊያ ገጠመ፤ ለእሷ የደረሳት ነገር የለም።

እናቴ ይህን ስትሰማ የጠየቀችኝ «ልጅ ነበራት?» ብላ ነው። አልነበራትም አልኳት። «ታዲያ ማን ያንሳት?» አለች። ከዚያ በኋላ ነው መጥረጊያው ሲነሳ ሴትዮዋን በራሷ መንገድ ማንሳት የጀመረችው።

ሌላዋን፣ የወረቀት ከረጢት ታቹ ጠፍጣፋ እንዲሆን የሚያደርግ ማሽን የሠራችውን ሴት ስነግራትማ ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራት። አንድ ሰው ማሽኑን አይቶ ሐሳቧን ይሰርቅና በራሱ ስም ሊያስመዘግብ ይሞክራል። ስትከሰው ደግሞ ሴት ስለ ማሽን ምን ታውቃለች ብሎ ይከራከራል። «ፈረዱላት?» አለችኝ። «ፈረዱላት» አልኳት። «እሰይ! ዓይኑ ይፍሰስ» አለች፤ ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት እንዳለፈው ልነግራት አልፈለግኩም።

እናቴን ከአዲስ አበባ ያስመጣናት እኔና ታላቅ እህቴ ነን፤ ስፖንሰር አድርገን። ስትመጣ ጤነኛ ነበረች። በሻንጣዋ ያመጣችው ዋና ነገር አንድ የሐበሻ ቀሚስ ነው። ጥጡን ራሷ ፈትላው፣ ሽማኔ የሠራው፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ የሆነ። ለክብረ በዓል ካልሆነ አትለብሰውም። ሲታጠብም ማሽን አታስገባውም ነበር፤ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነክራ፣ ተንበርክካ፣ ልጅ እንደምታጥብ ቀስ ብላ ነው የምታጥበው።

ከመታመሟ በፊት የማኅበር ጓደኛዋ ሞተችባት። ሬሳውን ለማልበስ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ፊውነራል ሆም ሄደች። እዚህ አገር የቀብር ድርጅቶች ልብስ የሚያለብሱበት መንገድ አላቸው። የደረቀ ክንድ እጅጌ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ልብሱን ከኋላ ከአንገት እስከ ታች በመቀስ ይሰነጥቁትና ከፊት በኩል አልብሰው ግራና ቀኙን ከስር ይሸጉጡታል። ሳጥን ውስጥ ለተኛ ሰው ከፊቱ ሙሉ ልብስ ነው። እናቴ ያን ቀን አይታ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ጋ ቆማ «ከኋላዋ ባዶዋን ናት» አለች። «እንደዚያ አድርገው ነው የሸኟት። እግዜር ፊት ጀርባዋን ገልጣ ልትቆም ነው።» ከዚያ ጣቷን ወደ ሁለታችን ቀስራ፦ «የእኔን ቀሚስ መቀስ እንዳይነካው። ሰምታችኋል?»

ሰምተናል አልን። ሰው በደህናው ቀን የሚለውን ነገር ማን ያጠናዋል።

ከዚያ ስትሮክ መታት። ነፍሷ ተረፈች፤ አፏም ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇ ግን ታጥፎ ደረቷ ላይ ተጣበቀ። ግራ ትከሻዋ ድሮም በቁርጥማት የተያዘ ነው፤ ክንዷን ከትከሻ በላይ አያስነሳም። እንግዲህ ከራስ በላይ የሚጠለቅ ልብስ ሁሉ ቀረ። ቤት ድረስ እየመጣች የምታጥባትና የምታለብሳት ሠራተኛ ፊት ለፊት ዚፕ ያለው ሹራብ አመጣችላት። እሱንም ለማስገባት ክንዷን ሲያስለቅቁት እናቴ ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ አመመኝ ግን አትልም። ለእሷ አመመኝ ማለት ሌላውን ሰው መውቀስ ነው።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። «በሹራብ አልገባም» አለች። እህቴ ነጠላ ከላይ ጣል እናድርግልሽ አለቻት። «ከስሩስ?» አለች። እኔ ተቆጣሁ። «እግዚአብሔር ሹራብ አይቶ አያውቅም እንዴ?» አልኳት። መለሰችልኝ፦ «እሱ ያውቃል። እኔ ነኝ የማልችለው።» ይኸው ነው። ቅዳሜ ማታ ቀሚሷን ከቁም ሣጥን አስወጥታ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ በደህናው እጇ ጥለቱን ትዳስሳለች፤ እሑድ ጠዋት መልሱት ትላለች።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ኤግሊንተን ዌስት የሚባል ጎዳና ላይ አንዲት ጃማይካዊት ባለሱቅ ዘንድ ልብስ ታስተካክል ነበር፤ የሱሪ እግር ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የሙሽራ ቀሚስ ማጥበብ። ያኔ ለአዲሱ የባቡር መስመር መንገዱ ተቆፍሮ፣ የእግረኛው መተላለፊያ በአጥር ታጥሮ፣ ደንበኛ የሚባል ጠፍቶ ነበር። የሱቁ ባለቤት ደጃፉ ላይ ቆማ ቆፋሪዎቹን ስትረግም ትውላለች፤ እህቴ ደግሞ ሥራ በፈታ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ስታስብ ትውላለች። ለመንገዱ ሁሉ መዓት የሆነ ነገር ለእኛ ጊዜ ሰጠን።

መጀመሪያ ያሰበችው ሰው ሁሉ የሚያስበውን ነው። በርካሽ ነጭ ጨርቅ ከኋላ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ቀሚስ ሰፋች። ከፊት አስገብተሽ ከኋላ ትቆልፊዋለሽ፤ ክንድ ማንሳት የለም። ቆንጆ ነበር። ጥለት ሳይቀር ገዝታ አድርጋበታለች። እሑድ ከሰዓት እናቴ ፊት ዘርግታ እንዴት እንደሚከፈት አሳየቻት።

እናቴ ጀርባውን አየችው። ብዙ አየችው። «ይሄማ የሬሳ ነው» አለች።

እህቴ ገና እየሳቀች ነበር። «እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳልሞት ከፈንሽኝ?»

ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህቴ ልብሱን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባችና ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፤ ውሃው እንዲያለቅስላት ይመስል። እኔ መሐል ላይ ቆሜ ማንን እንደምቆጣ አጣሁ። ለሳምንታት ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። «እህትሽን መድኃኒቴን አምጪ በያት።» «እናትሽን መድኃኒቱን ውጠሻል ወይ በያት።» ሦስት ሰው፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ አስተርጓሚ።

ያን ሰሞን ነው ስለ መተኮሻ ሰሌዳዋ ሴት ለእህቴ የነገርኳት። ጥቁር አሜሪካዊት፣ እንደ እሷው ልብስ ሰፊ። የዘመኗ መተኮሻ ሰፊ ሳንቃ ስለነበረ የሴት ቀሚስ እጅጌና ወገብ ሲተኮስ ይጨማደዳል። እሷ ጠባብና ጎበጥ ያለ፣ እጅጌ ውስጥ ገብቶ እንደልብ የሚያስገላብጥ ሰሌዳ ሠራችና ፓተንት አወጣችበት። እህቴ ቆማ ቀረች። «እኔ እኮ እሱ ላይ ነው በየቀኑ የምተኩሰው!» አለች። «ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» የዘመድ መርዶ የደበቅኳት ይመስል ተቀየመችኝ።

በማግስቱ ያን ጠባብ ሰሌዳ ከሱቁ ተውሳ ቤት አመጣችው። ፋሲካ እየደረሰ ነበር። የሚለበስ ባይሆንም የእናቴን ቀሚስ ልትተኩሰው ፈለገች፤ ለእርቅ መሆኑ ገብቶኛል። ጠረጴዛው ላይ ሰሌዳውን አቁማ፣ እጅጌውን አጥልቃበት፣ በካውያ ቀስ እያለች ትሄድ ጀመር። እናቴ ከዊልቼሯ ላይ ሆና ታያለች። የእጅጌው ስፌት እንደማንኛውም እጅጌ ከስር፣ በብብት በኩል ነው ያለው። እህቴ አንዱን ጎን ጨርሳ እጅጌውን ሰሌዳው ላይ ስታሽከረክረው ስፌቱ ዞሮ ከላይ መጣ።

«ተይው» አለች እናቴ። በቀጥታ ስታናግራት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

«ምኑን?»

«እንደዚያ ተይው። ስፌቱ ከላይ ይሁን።» በደህናው እጇ ከአንገቷ ጀምራ በትከሻዋ በኩል እስከ ቀኝ እጇ አንጓ ድረስ በጣቷ አሰመረች። «እዚህ ትከሻ ላይ ስፌት አለ። እጅጌውን ካዞርሽው ከእሱ ጋር ይገጥማል። ትተረትሪዋለሽ፤ መቀስ ምን ያደርጋል?»

እህቴ ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጨርቁ ሊቃጠል ሲል እኔ ነኝ የነጠቅኳት።

እንዲህ ነው ነገሩ። እጅጌውን ከቀሚሱ ፈተው፣ ግማሽ ዙር አዙረው መልሰው ይሰፉታል። ያኔ ከአንገት እስከ አንጓ አንድ ቀጥ ያለ የስፌት መስመር ይወጣል፤ በሁለቱም ትከሻ። መስመሩ ሲተረተር ልብሱ ከላይ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ቀሚሱ ከእግር በኩል ይገባና እስከ ደረት ይሳባል፤ ከዚያ የታጠፈው ክንድ ሳይነካ፣ ካለበት ሳይንቀሳቀስ፣ ጨርቁ እሱ ጋ ሄዶ ይጠቀለልበታል። የሚዘጋበትን ቦታ ደግሞ ቀጭን ጥለት ይሸፍነዋል። ከፊትም ከኋላም ሙሉ ቀሚስ ነው። አንድ ክር እንጂ አንድ ስንዝር ጨርቅ አልተቆረጠም።

በምን ይዘጋ የሚለው ግን አቃጠለን። እህቴ መጀመሪያ ትንንሽ ማግኔት ሰፋችበት። ልክ እንዳለበስናት እናቴ ከነእጅጌዋ ዊልቼሩ ብረት ላይ ተለጠፈች። ስናላቅቃት በሌላው በኩል ተለጠፈች። ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ እንባዋ እስኪመጣ። ቀጥሎ ተጣብቆ የሚዘጋውን ቬልክሮ ሞከረች። ሲከፈት ሸራ የሚቀደድ ነው የሚመስለው። «ቅዳሴ መሐል ይሄን ላሰማ?» ብላ እናቴ ጣለችው። መጨረሻ ላይ የሕፃን ልብስ ላይ ያሉትን፣ ጠቅ ብለው የሚገጥሙ ጠፍጣፋ ቁልፎች አደረገች።

እነሱ ደግሞ መጫን ይፈልጋሉ። ስለዚህ እህቴ አንድ ልማድ አወጣች። ከአንጓዋ ትጀምራለች። የራሷን ጣት ከጨርቁ ስር አስገብታ በእናቴ ክንድና በቁልፉ መሐል ታደርጋለች፤ ጫናው በእሷ ጣት ላይ እንዲያርፍ። ጠቅ ታደርግና «አመመሽ?» ትላለች። እናቴም «ቀጥይ» ትላለች። ሌላው ጠቅ። «አመመሽ?» «ቀጥይ።» እንዲህ እየተባለ እስከ አንገት ይደርሳል። እኔ ነጠላዋን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ። እህቴ ሳትጠይቅ አንድም ቁልፍ ዘግታ አታውቅም፤ እናቴም ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

እናቴ ለፋሲካ ደረሰች። በዚያው ቀሚስ። ዊልቼሯን ወደ ቅጽሩ ስንገፋ የማኅበሯ ሴቶች እልል አሉ። አንዷ ጆሮዋ ስር ጠጋ ብላ «እጅሽ ዳነ እንዴ?» አለቻት። «አልዳነም» አለች እናቴ፤ ኮራ ብላ፣ «ልብሱ ነው የዳነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው የእኛ ሰው ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ስፖንሰር ተደርጋ መጥታ እጇ ወይ ትከሻዋ አልታዘዝ ያላት እናት የሌለችበት ቤት ጥቂት ነው። ለታመመ ጥየቃ የሚመጣው ሁሉ ቀሚሱን ገልጦ ያያል። እህቴ ለጠየቀ ሁሉ ትሰፋለች፤ ራሷ መስፋት የምትችል ከመጣች ደግሞ ቁጭ አድርጋ ታስተምራታለች። እንደውም አንድ የዝክር ቀን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መሐል እናቴን አስቀምጣ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ ከፍታ ዘግታ አሳየች። አንዲት ልጅ በስልኳ ቀርጻ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። «ታማሚ ላላችሁ ሁሉ ሼር አድርጉ» የሚል ተጽፎበት ብዙ ሰው ተቀባበለው። እህቴ ምስጋናው በዛባት። እናቴም «የጽድቅ ሥራ ነው» አለች።

እኔ ብቻ ነኝ ዕረፍት ያጣሁት። የእነዚያ ሴቶች ፎቶ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ሳልነቅለው ዓመት አልፎት ነበር፤ በአጠገባቸው ባለፍኩ ቁጥር እህቴ ትታየኛለች። ፓተንት ላይ ሥዕል አለ፤ ቀጭን መስመር፣ «ምስል አንድ»፣ «ምስል ሁለት» የሚል። ያ እጅጌ እንደዚያ ተስሎ፣ ስሟ ከላይ ተጽፎ ማየት ፈለግኩ። ማን ያንሳት ያለችው የእናቴ ጥያቄ ነው መሰለኝ ልቤ ውስጥ የተሰካው። ከረጅም ንትርክ በኋላ እሺ አሰኘኋትና መሐል ከተማ ከአንዲት የፓተንት ባለሙያ ጋር አፖይንትመንት ያዝኩ።

ሦስታችንም ሄድን። እናቴ ቀሚሱን ለብሳ ነበር፤ ማሳያው እሷ ናት። ባለሙያዋ ትሑት ሴት ነች። ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጥታ፣ እናቴ አጠገብ ተንበርክካ፣ ፈቃድ ጠይቃ ቁልፎቹን አየች። እጅጌው መዞሩን ስታይ ሳቅ አለች፤ ወዳዋለች። ከዚያ «ሐሳቡን ያመነጨው ማነው?» ብላ ጠየቀች፤ ተረጎምኩ።

እህቴ በጣቷ ወደ እናቴ አመለከተች። «እሷ ናት።»

እናቴ በደህናው እጇ ወደ እህቴ አመለከተች። «እኔ ምን አውቄ? እሷ ናት የሰፋችው።»

«እጅጌውን አዙሪው ያልሽኝ አንቺ!»

«አዙሪው ማለት ሥራ ነው እንዴ? ወሬ ነው እሱ።»

በር ላይ «ግቢ»፣ «አይ፣ አንቺ ቅደሚ» እንደሚባባሉ ሰዎች ሆኑ። ባለሙያዋ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን እያየች ትጠብቃለች። «ስለ ሐሳቡ እየተጣሉ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት፣ «እያንዳንዳቸው የእኔ አይደለም እያሉ።» እንዲህ ዓይነት ጠብ ቢሮዋ ውስጥ ገጥሟት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ሁለቱም ስም አንድ ላይ መግባት እንደሚችል ስታስረዳን ደስታዬ ወደር አጣ። ምስል አንድ፣ እናትና ልጅ።

«መቼ ነው ለሌላ ሰው መጀመሪያ ያሳያችሁት?» አለች ቀጥላ።

ማስረጃ ይሆነናል ብዬ ቪዲዮውን አዘጋጅቼ ነበር። ስልኬን አቀበልኳት። አዳራሹ ታየ፤ እናቴ መሐል ላይ፣ እህቴ እየዘጋች፣ ሴቶቹ ሲያጨበጭቡ። ባለሙያዋ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ከስር ያለውን ቀን አየችና ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እዚህ አገር ለሕዝብ የታየ ነገር ዓመት ካለፈው ፓተንት አይወጣለትም። አንዴ ሁሉም አይቶታል፤ የሁሉም ሆኗል። በጣም አዝናለሁ አለችን፤ ማዘኗንም አየሁ።

ሊፍት ውስጥ ቁጣዬ ፈላ። ልጅቷን ሰደብኩ፣ ፌስቡክን ሰደብኩ፣ ሕጉን ሰደብኩ፣ ያጨበጨቡትን ሴቶች ሳይቀር። እህቴ አንገቷን ደፍታ የዊልቼሩን እጀታ ይዛ ቆማለች። እናቴ «ምን አለች?» አለችኝ።

«ዘገያችሁ አለች፣ እማዬ። አልደረሳችሁም አለች።»

እናቴ አሰበች። «እኔማ ለፋሲካ ደርሻለሁ» አለች።

እህቴ ፈገግ አለች። ለእሷ ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ። ለእኔ አልተዘጋም።

እናቴ ያን ቀሚስ ሌሎች ጥቂት በዓላት ለበሰችው። ከዚያ በኅዳር፣ አንድ ጠዋት፣ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ይሄኛው አልማራትም። ሐኪም ቤት ውስጥ እጇን ይዤ ነበር፤ የታጠፈውን። ስለ እሱ ጊዜ ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ልጽፈው ሞክሬ አልቻልኩም።

ወደ ፊውነራል ሆም የሄድነው በእህቴ መኪና ነው። ቀሚሱ ታጥፎ ጭኔ ላይ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ እናቴ እንደምታስቀምጠው አድርጌ ይዤዋለሁ። መንገድ ላይ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ጣለ። እህቴ መጥረጊያውን አስነሳች። አንዴ ሄዶ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ከሁለታችን አንዳችን ልንለው የሚገባ ነገር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከማናችንም አፍ ግን አልወጣም። እህቴ መኪናውን ዳር አስይዛ መሪው ላይ ተደፋች። መጥረጊያው መሥራቱን አላቆመም። እስክትነሳ ጠበቅኳት።

የተቀበለን ሰው ልብሱን በሁለት እጁ በክብር ተቀበለ። ከዚያ የሚለውን አለ። ክንዷ ደረቷ ላይ ስለታጠፈ ልብሱን ከኋላ እንከፍተዋለን፤ ቤተሰብ ምንም አያይም፤ ሁልጊዜ የምናደርገው ነው አለ።

«ኖ» አለች እህቴ። «ኖ ሲዘርስ።» መቀስ አይነካውም ማለቷ ነው። ቀሚሱን ከእጁ መልሳ ወሰደችው። «እኛ እናለብሳታለን።»

ሰውየው ወደ እኔ አየ። ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ለዚያ ቀን የተዘጋጀሁ ይመስለኛል። አልተከራከረም። ወደ ክፍሉ አስገባንና ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ።

በነጭ አንሶላ ተሸፍና ነበር። እህቴ ቀሚሱን በትከሻው ከፈተችው። ከእግሯ በኩል አስገባነው፤ ሰውየው ከወገቧ ሲያነሳልን እስከ ደረቷ ሳብነው። ጀርባውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ሙሉ ነው፤ ጨርቁ ከላይ እስከ ታች ደርሷል። እህቴ እጅጌውን በታጠፈው ክንድ ዙሪያ ስትጠቀልለው ሰውየው ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ጠጋ አለ። ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ልብስ አይቼ አላውቅም አለ። «ማነው የሠራው?»

እህቴ ሳታስብ ጣቷን ወደ እናቴ ቀሰረች። «እሷ ናት።»

ከዚያ ልክ እንደ ልማዷ ጠበቀች። እናቴ መልሳ ወደ እሷ እንድታመለክት። እጇ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ቆየ። እኔ ያን እጅ ማየት አልቻልኩም፤ መስኮቱን አየሁ።

ቁልፎቹን ከአንጓዋ ጀመረች። ጣቷን ከጨርቁ ስር አስገብታ በክንዷና በቁልፉ መሐል አደረገች፤ አሁን ለማን እንደሆነ እንጃ። ጠቅ አደረገችው።

«አመመሽ?» አለች።

ከአፏ ያመለጣት ነው። ስታውቀው ፊቷ ተለወጠ። ጣቷ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ወደፊትም አይሄድ፣ አይመለስም። ሳይመለስላት ቀጥላ አታውቅም። ሰውየው ሊረዳት እጁን ዘረጋ፤ ራሴን ነቅንቄ ከለከልኩት። እናቴ አትመልስም። ከዚህ በኋላ መቼም አትመልስም።

«ቀጥይ» አልኩ እኔ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ጎንበስ አለችና ሁለተኛውን ዘጋች።

«አመመሽ?»

«ቀጥይ።»

እንዲህ እየተባባልን አንገቷ ድረስ ደረስን።